ከወንዝ ዳር አፈር የወጡ ሳህኖች

ከመንደራችን ወንዝ ዳር በቆፈርኩት አፈር የሠራኋቸውን የመጀመሪያዎቹን ሳህኖች ለጎረቤቶቼ ሳድል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ሳህናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡና «ልጄ፣ ፈንጣጣ ወጣበት እኮ» አሉኝ። ገልጬ ሳየው ፊቱ እዚህም እዚያም ተቀርፎ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ጉድጓዶች ነበሩበት፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ መሃል ደግሞ የመርፌ ራስ የምታክል ነጭ ነጥብ ትታያለች።

ያቺ ነጥብ ኖራ ናት። በአፈሩ ውስጥ ያለ የኖራ ድንጋይ ቅንጣት በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲተኮስ ይቃጠልና ከዚያ በኋላ ከአየር እርጥበት እየሳበ ያብጣል፤ ሲያብጥም የሸክላውን ፊት ከውስጥ ገፍቶ ይገነጥለዋል። ከእሳት ሲወጣ እንከን የለሽ መስሎ የታየ ዕቃ በሳምንታት ውስጥ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። ለሰው የሚሰጥ ሸክላ ከመሠራቱ በፊት አፈሩ መመርመር አለበት ብዬ አጥብቄ ማመን የጀመርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

አሁን ከመቆፈሬ በፊት በደረቁ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ አደርጋለሁ፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ትቼው ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ፈተናውን ያለፈውን አፈር ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቄ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ እርጥብ የገባ አፈር ተጣብቆ ሲቀር፣ የደረቀው ግን በራሱ ጊዜ ፈርሶ ይሟሟል። ይህን ሳላውቅ ስንት ቀን በእጄ እንዳሸሁ ሳስታውስ ይቆጨኛል። ከዚያ በደቃቅ ወንፊት አጥልዬ፣ ጭቃው ሲረጋ ከላይ የጠለለውን ውሃ ደፍቼ ጥላ ሥር ጨርቅ ላይ አሰጣዋለሁ።

ለሥራ ሲደርስ ትንሽ አድበልብዬ ጣቴ ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ ካልተሰነጠቀ ይታዘዛል ማለት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር መስመር ያሰመርኩበትን ቁራጭ አድርቄና ተኩሼ እንደገና እለካለሁ፤ መስመሩ 9.2 ላይ ከተገኘ ጭቃው 8 በመቶ ተኮማትሯል። መኮማተሩ ሲበዛ ዕቃው ስለሚሰነጠቅ የተወቀጠ ገል እጨምርበታለሁ፤ ገል ቀድሞ እሳት ያየ በመሆኑ አብሮ አይኮማተርም፣ ለእርጥበቱም መውጫ ይከፍትለታል። በተኩስ ጊዜ ደግሞ የምፈራው መጀመሪያውን ነው፤ ዕቃው ውስጥ የቀረ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ እንፋሎት ስለሚሆን፣ እሳቱ ከተቸኮለ ሸክላው ይፈነዳል።

ዕቃ ስሰጥ ጠባዩንም አብሬ እናገራለሁ። መስታወታማ ልባስ የሌለው ሸክላ ውሃ ያዣል፤ የሚያዣው ውሃ እየተነነ ውስጡን ስለሚያቀዘቅዘው ለመጠጥ ውሃ ይመቻል፣ ቅባት ያለበትን ነገር ግን ባያስቀምጡበት ይሻላል።

ጎረቤቶቼ ዛሬ የተሰበረ ሸክላ አይጥሉም፤ ያመጡልኛል። ነጭ ነጥብ ያለበትን ለይቼ አውጥቼ የቀረውን ልጆቻቸው ይወቅጡታል። ለእኚያ እናት በምትኩ የሠራሁላቸው ሳህን ፊቱ ላይ ቀይና ጥቁር የገል ነጠብጣብ ይታይበታል፤ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር የማን ቤት ማሰሮ እንደነበረ እየገመቱ አንድ በአንድ ያሳዩኛል።