የኔ ልጅ፣ ልፈርም?

በ2010 ክረምት ነው። ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ የታሸገ ውሃ አከፋፋይ ድርጅት ስምሪት ላይ እሠራ ነበር። ስድስት አይሱዙ ነበረን። መስመራችን ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ሲበዛም እስከ ገላን ነው።

ሐምሌ ላይ አለቃችን ወጪ ቀንሱ አለ። በየመኪናው ሁለት የነበረውን ረዳት አንድ አደረግነው። አደረግነው ልበል እንጂ የስምሪት ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ኮንዶሚኒየም ለኮንዶሚኒየም ውሃ ያከፋፈለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አንዱ ረዳት ካርቶን ተሸክሞ ሱቅ ሲገባ ሌላው ከኋላ ቆሞ «ና! ና! በቃ!» ይላል። የተጫነ አይሱዙ ላይ ሾፌሩ ከጀርባው ያለውን አያይም። ስፖኪዮ የሚያሳየው ጎንና ጎኑን ነው። ሰው አይሱዙን «አልቃይዳ» የሚለው በፍጥነቱ ነው። የእኛ መኪና ግን ያን ቀን የእግረኛ ያህል እንኳ አልፈጠነም።

ቱሉ ዲምቱ ነው። ረዳቱ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ይደረድራል። ሾፌሩ ጭቃው እንዳይዘው ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ አለ። ከኋላ በቆሎ የሚጠብሱ እናት ነበሩ። ዝናቡን ሸሽተው ከሰል ማንደጃቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተዋል። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሆስፒታል ስደርስ ገንዘብ ያዧ መጀመሪያ ክፈሉ ትላለች። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ በመኪና የተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው በዚያ ጊዜ ይደነግግ ነበር። ነገርኳት። «ከኃላፊ ጋር ተነጋገር» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች። እማማ አልጋ ላይ ሆነው ያቃስታሉ። ከኪሴ ከፈልኩ። ደረሰኙን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ትራፊኩ ፕላን አነሳ። ምክንያቱ «ያለ ጥንቃቄ ወደ ኋላ ማሽከርከር» ተባለ። ስለ ረዳት የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም።

በዘጠነኛው ቀን አለቃዬ 15,000 ብርና አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ። መኪናው ጣቢያ ቆሟል፣ ሥራ ተበድሏል፣ ቶሎ ይለቅ ነው ነገሩ። ወረቀቱ «ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ በድርጅቱም ሆነ በሾፌሩ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። እማማ ማንበብ እንደማይችሉ ስለሚያውቅ የማኅተም ቀለምም ጨምሮልኛል።

ቤታቸው ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ልጃቸው ቡና አፈላችልኝ። የሰበርናቸው እኛ፣ ቡና የሚጠጣው እኔ። ያ ሲኒ እጄ ላይ ከበደኝ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። አንድም ቃል አልዘለልኩም።

ጨርሰው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«አንብበህልኛል፣ እግዜር ይስጥህ። አሁን ወረቀቱን ወዲያ አድርገው። የኔ ልጅ፣ ልፈርም?»

«እማማ፣ እኔን አለቃዬ ነው የላከኝ።»

«አለቃህን መቼ ጠየቅኩ? እናትህ ብሆን ምን ትለኝ ነበር?»

የማውቀውን አውቃለሁ። ኢንሹራንሱ በዚያ ጊዜ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር ይከፍል ነበር። ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2081፣ የመኪናውን ባለቤት ተጠያቂ ያደርጋል፤ ባለቤቱ ባያጠፋም። ለመክሰስ ሁለት ዓመት ጊዜ አላቸው። ይህን ሁሉ የተማርኩት እዚያው ሥራ ላይ፣ ለድርጅቱ ጥቅም ብዬ ነው።

«አይፈርሙ» አልኩ።

የማውቀውን ለልጅቷ ደብተሯ ላይ ጻፍኩላት። እናቷ ሌሊት ሌሊት እየባነኑ ስለሚጮኹ ለዚያስ ካሳ አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለው፣ ግን ሕጉ ለሕሊና ጉዳት ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም አልኳት። ቁጥሩን ስናገር አፈርኩ።

ብሩን መለስኩ። በሳምንቱ ከስምሪት ወደ መጋዘን ተዛወርኩ። ይህን እንደ ጀግንነት ልቆጥረው ፈልጌ ነበር። ኢንሹራንሱ ግን የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ተገልጾ ከሕክምና ቦርድ ይምጣ አለ። ቦርዱ ደግሞ እግሩ ሳይድን አይወስንም። አሥራ አንድ ወር ፈጀ። በመሃሉ ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ በእናቷ ማንደጃ በቆሎ መጥበስ ጀመረች። አንድ ቀን በር ላይ አግኝታኝ «ያኔ አሥራ አምስት ሺውን ብንወስድ ኖሮ ትምህርቴን አላቆምም ነበር» አለችኝ። ቁጣ የለባትም። እንዲሁ ነው የነገረችኝ። በመጨረሻ የተከፈላቸው ከ15,000 ይበልጣል። የልጅቷን ዓመት ግን የመለሰላት የለም።

ሾፌሩ በዋስ ወጥቶ ክሱን እየተከታተለ ነበር። መጋዘን ድረስ መጣ።

«ለእማማ እውነቱን ነገርክ አሉ» አለኝ።

«አዎ።»

«ለትራፊኩስ? ረዳቴን ማን እንደቀነሰው ለምን አልነገርከውም?»

መልስ አጣሁ። ሁለት ልጆች አሉት። መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ነው። ያን ቀን ሙሉ ካርቶን ስቆጥር ቁጥር ይጠፋኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስምሪት ክፍል ገብቼ የሐምሌን ፋይል አወጣሁ። ረዳት አንድ እንዲሆን የሚያዘውን፣ ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት፣ ኮፒ አድርጌ ለሾፌሩ ጠበቃ ሰጠሁት። ስትጠሩኝ ቀርቤ እመሰክራለሁ ብዬ ስልኬንም ጻፍኩለት።