ሦስት ማንኪያ

ዛሬ ጠዋት የልጄን የቁርስ ሲሪያል ካርቶን ገልብጬ ጎኑን አነበብኩት። ለአንድ ጊዜ 12 ግራም ስኳር ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ሳህን ላይ ሰፍሬ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ዝም ብሎ አየው። በጣቱ ነካ አደረገና «እማ፣ ይሄን ሁሉ በየቀኑ ነው የምበላው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ደግሞ አንድ ሳህን መች ይበቃዋል፣ ሁሌም ይደግማል።

እናቴ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ ቂንጬ እዚህ ሜሪላንድ መደርደሪያ ላይ ወራት ተቀምጧል። እኛ በእሱ አድገን፣ ለልጆቻችን የካርቶን ሥዕል አምነን መግዛታችን አንገበገበኝ። አውጥቼ በትንሽ ጨው ቀቀልኩት። ሲበስል ቅቤ ጣል አደረግኩበት። የኮረሪማው ሽታ ቤቱን ሲሞላው ልጄ ከወንበሩ ተነስቶ ድስቱ ጋ መጣ።

ግማሹን በላ፣ ግማሹን ተወው። ነገ ወተት ጨምሬ እሞክረዋለሁ።