እግሬን ሳልለካ የገዛሁት ቡት

ልጅ እያለሁ ለእንቁጣጣሽ የሚገዛልኝ ጫማ ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ነበር። እናቴ መርካቶ ይዛኝ ትሄድና የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን ታደርጋለች። ባዶ ቦታ ስታገኝ ደስ ይላታል። "ያድግበታል" ትላለች ለባለሱቁ። ጫፉ ውስጥ ጨርቅ ይወተፍና እየጎተትኩ እሄዳለሁ። እግሬ ጫማውን ሲደርስበት ጫማው አልቋል።

ይህን የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ በገዛ እጄ 480 ዶላር ከፍዬ ያንኑ ስህተት ደገምኩት። እሷ እንኳ ምክንያት ነበራት። እኔ ማደግ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ!

የምኖረው አውሮራ ነው። ለዓመታት ከዴንቨር አየር ማረፊያ ቱሪስት እየጫንኩ ወደ ተራራ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ሰው በረዶ ላይ ለመንሸራተት ያን ሁሉ ገንዘብ ለምን እንደሚያወጣ አይገባኝም ነበር። አንድ ዊንተር እስቲ ልሞክረው አልኩ። በዚያው ቀረሁ። አራት ዓመት እንደ ማንኛውም ሰው በለስላሳ ቡት ስኖውቦርድ፣ ሁለቱም እግር የሚታሰርበትን አንድ የበረዶ ሰሌዳ፣ ነዳሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ላቭላንድ በሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ፣ ሰው ወደ ላይ በሚያወጣው ሊፍት ላይ ተቀምጬ ከታች አንድ ሽማግሌ ሲያልፍ አየሁ። ቦርዱን በጠርዙ አቁሞ፣ እጁ በረዶውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው፣ ከኋላው በማረሻ የተተለመ የሚመስል ቀጭን መስመር ትቶ ሄደ። ያደረገው የስኪ፣ ማለት በሁለት ሰሌዳ የሚንሸራተቱ ሰዎች፣ ቡት የሚመስል ጠንካራ ቡት ነው። ከውጭ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ ወፍራም ገበር፣ ከፊት ዘለበቶች፣ ከኋላ ደግሞ ቡቱን ወደ ፊት አዘንብሎ የሚቆልፍ ማንሻ አለው። ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴችካ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ላይ በስኪም በስኖውቦርድም ወርቅ ስትወስድ፣ ቦርዱ ላይ ያደረገችው እንዲህ ያለውን ነው። ለጀማሪ አይደለም ይላሉ። እኔም ጀማሪ አይደለሁም አልኩ።

ቦርዱን ያገለገለ ገዛሁ። ቡቱን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘውን ባይንዲንግም እንደዚሁ። ሁለቱም ምንም አላስቸገሩኝም፤ ስለነሱ የማወራው የለኝም።

ቡቱን ግን ስሙኝ። ይህን ዓይነት ቡት ተራ ስፖርት ቤት ውስጥ አታገኙትም፤ በኢንተርኔት ነው የሚታዘዘው። የስፖርት ጫማዬ 44 ቁጥር ነው፤ በአሜሪካው 10 ተኩል። ሰንጠረዡ 28.5 ውሰድ አለኝ። ወሰድኩ። ለካ የዚህ ቡት ቁጥር ሞንዶፖይንት የሚባለው ነው፤ የእግር ርዝመት በሴንቲሜትር ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። 28.5 ማለት 28.5 ሴንቲሜትር ለሚሆን እግር ነው። የኔ እግር 26.8 ነው። ይህን ያወቅሁት ብሩ ከኪሴ ከወጣ በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰፊ ጫማ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ጣቴ ጫፍ ከነካ ጫማው የጠበበኝ ይመስለኛል። ሰንጠረዡ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሳጥኑ ሲደርስ ቡቱን አጥልቄ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ምቾቱ ለጉድ ነው! አዲስ ጠንካራ ቡት ሳሎን ውስጥ ከተመቻችሁ ወዲያውኑ ወደ ሳጥኑ መልሱት። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ገበሩ በሙቀት የሚለሰልስና ሲቀዘቅዝ የእግርን ቅርጽ የሚይዝ ነው። መመሪያው ባለሙያ ዘንድ ወስዳችሁ አስሞቁት ይላል። እኔ መመሪያ አክባሪ ነኝ፤ ወሰድኩት። የሱቁን ስም አልጠራም። ልጁ ትሁት ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ሁሉም ነገር "አሪፍ" ነው ለሱ። "ስንት ቁጥር ነህ?" አለኝ። ነገርኩት። አለቀ። እግሬን አልለካም። ገበሩን አውጥቶ ባዶው ፕላስቲክ ውስጥ እግሬን አላስገባም። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም እኮ! ሁለት ደቂቃ ቢያጠፋ ኖሮ ያን ዕለት ቡቱን መልሼ ትክክለኛውን አዝዤ፣ ይህን ጽሑፍም አልጽፍም ነበር።

ገበሩን ምድጃ ውስጥ ከተተው። ጣቶቼ ላይ ቦታ እንዲተርፍ የስፖንጅ ቆብ አጠለቀልኝ። ከላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲዬን ሳደርግ አይቶ ዝም አለ። ቡቱን አልብሶ፣ ዘለበቱን ቆልፎ "ቁም" አለኝ። ቆምኩ፤ ቀጥ ብዬ፣ እንደ ሰልፈኛ። የኋላው ማንሻ ለእግር ጉዞ እንደተለቀቀ ነበር። ተራራ ላይ ማንም እንደዚያ አይቆምም። ጉልበት ታጥፎ፣ ቅልጥም የቡቱን ምላስ ተደግፎ ነው የሚነዳው። እሱ ስልኩን እየነካካ፣ እኔ ግድግዳ እያየሁ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየን። "ይመቻል?" አለኝ። "በጣም" አልኩት። 60 ዶላር ከፈልኩ። ጉርሻም ሰጠሁት። ጉርሻው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ገበሩ አንዴ ከሞቀ ቡቱን ማንም አይመልስላችሁም። የሻጩ መልካም ፈቃድ የሚያልቀው እዚያ ምድጃ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ላቭላንድ ወጣሁ፤ ከአይዘንሃወር ዋሻ አጠገብ ያለው። ግርጌው ራሱ ወደ 3,290 ሜትር ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ታውቁ ከሆነ፣ ከዚያም ከፍ ይላል። ብርዱን ገምቱት። በጣቶቼ በኩል ባለው የቦርዱ ጠርዝ ስዞር ተረከዜ ከቡቱ ወለል ይነሳል። ጉልበቴን ስገፋ መጀመሪያ እግሬ ቡቱ ውስጥ ይጓዛል፣ ከዚያ ቡቱ፣ ከዚያ ቦርዱ። መሪው የላላ መኪና የነዳ ሰው ያውቀዋል። አንተ ታጥፈሃል፤ መኪናው ገና እያሰበበት ነው።

ምን አደረግሁ? ዘለበቱን አጠበቅሁ። አንድ ጥርስ። አሁንም ተረከዜ ይነሳል። ሌላ ጥርስ። የእግሬ ጀርባ ላይ ያለው ዘለበት ደም ሥሩን ተጫነውና ጣቶቼ ደነዘዙ። ሊፍት ላይ ዘለበቱን እፈታለሁ፣ እግሬ ነፍስ ሲዘራ በመርፌ የሚወጉኝ ያህል ያመኛል፣ ጫፍ ስደርስ መልሼ እቆልፋለሁ። ሁለተኛ ካልሲ ደረብኩ። ባሰ። ካልሲው ደሙን ይበልጥ ጨቆነው፤ ቅዝቃዜው ጨመረ። ሰፊ ቡት እግር አያሳምም ያለ ማነው? ሰፊ ሲሆን ታጠብቀዋለህ፣ ስታጠብቀው ይሰብርሃል።

በዚህ ላይ ትንሿ ጣቴ አጠገብ ያለው አጥንት መላላጥ ጀመረ። ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ አሁንም ሳቂታ ነው። "እናሰፋዋለና!" አለ። ፕላስቲኩን አሙቆ፣ በመሣሪያ ወደ ውጭ ገፍቶ ሌላ 40 ዶላር ተቀበለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። እግሬ ሰፊ ቡት ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነበር ጠባቡ ቦታ ላይ የሚጋጨው። እኛ ደግሞ ሰፊውን ይበልጥ አሰፋነው። የተገፋ ፕላስቲክ እንደ ነበረው አይመለስም።

አንድ ወር ሙሉ ጥፋቱን በራሴ ላይ ጫንኩ። ቴክኒኬ ነው አልኩ። ዕድሜዬ ነው አልኩ። "አበሻና በረዶ" እያሉ የሚቀልዱብኝን ጓደኞቼን ማመን ጀመርኩ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ኦሊምፒክ ላይ በስኪ ለኢትዮጵያ ተወዳድሮ የለም እንዴ? ለነሱ ስመልስላቸው እንዲህ ነበር፤ ለራሴ ግን መልስ አልነበረኝም።

ያዳነኝ ያው ሽማግሌ ነው። ምሳ ሰዓት ካፍቴሪያው ውስጥ እግሬን እያሻሸሁ አየኝና መጣ። "ገበሩን አውጣው" አለኝ። አወጣሁ። "እግርህን ባዶው ውስጥ አስገባ። ጣትህ ፊት ለፊቱን ይንካ።" አስገባሁ። ከተረከዜ ኋላ ጣቶቹን ላከ። ሦስት ጣት ገባ። ሽማግሌው በሳቅ ፈነዳ። "ይሄ ለታላቅ ወንድምህ ነው" አለኝ።

ፈተናው ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። ስስ ካልሲ አድርጋችሁ፣ ጣታችሁ ባዶውን ፕላስቲክ ሲነካ፣ ከተረከዝ ኋላ የሚተርፈው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ይሁን። ብዙ ሱቅ ሁለት ጣት ይላል። ለኔ ሁለት ጣት ሰፊ ነው፤ ያውም የማን ጣት? እንጨት ለክታችሁ ቁረጡና እሱን ክተቱ። እግራችሁን ደግሞ ማታ ማታ፣ ውሎ ሲያብጥ፣ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስነክታችሁ፣ ክብደታችሁን ጥላችሁ ቆማችሁ ለኩ። ሁለቱንም ለኩ፤ እኩል አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሙሉውና ባለ ግማሹ ቁጥር ፕላስቲኩ አንድ ነው፤ ስለዚህ በግማሽ ቁጥር አትጨነቁ።

ሽማግሌው የነገረኝ ሌላም አለ። የዚህ ዓይነት ቦርድ ቀጭን ነው፤ የኔ ወገቡ ላይ 19 ሴንቲሜትር ነው። እግር የሚቆመው አግድም ሳይሆን ወደ ፊት ተሽከርክሮ ነው። ቡቱ በረዘመ ቁጥር አፍንጫውና ተረከዙ ከቦርዱ ጠርዝ ያልፋሉ፤ ቦርዱ ሲጋደም በረዶ ይጭራሉ። ሁለት ጊዜ ሳላስበው የወደቅሁት ለካ በዚህ ነው።

ሁለተኛውን ቡት 26.5 አዘዝኩ። ክፍተቱ ከአንድ ሴንቲሜትር ትንሽ አለፈ። ገበሩን ለማሞቅ ግን ሱቅ አልሄድኩም። ባለሙያ ብቻ ያሙቀው የሚለውን ምክር አውቀዋለሁ። እግራችሁን ለክቶ የሚጀምር ሰው ካገኛችሁ ክፈሉት፤ ካላገኛችሁ ሩዝ አለላችሁ። ሩዙን ካልሲ ውስጥ ሞልቼ፣ አፉን ቋጥሬ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አሞቅሁ። በየመሃሉ እያወጣሁ አገላበጥኩት፤ አለዚያ ያርራል። ገበሩ ውስጥ ከትቼ እስኪለሰልስ ጠበቅሁ።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ወጥ ቤት ገብታ አየችኝ።

"አንተ ልጅ፣ ሩዝ በካልሲ? ምን ነካህ?"

"ለጫማ ነው እማዬ።"

አማተበች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስስ ካልሲ፣ ከአሮጌ ስፖንጅ የቆረጥኩት የጣት ቆብ፣ ማንሻው ለመንዳት ተቆልፎ፣ ተረከዜን ወደ ኋላ መትቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ ቆምኩ። ፊቴ ሳይጨማደድ አልቀረም።

"ጠቦህ የለ እንዴ! ትልቁን ለምን አልገዛህም?"

ምን ብዬ ልመልስላት?

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከብደውኛል። ቀጥ ብዬ ስቆም ጣቴ ጫፍ ይነካል፤ ጉልበቴን ሳጥፍ ይላቀቃል። እንደዚያ መሆን አለበት። አራተኛው ቀን ላይ ገበሩ ሟሸሸልኝ። የቀረው ትንሿ ጣቴ አጠገብ ያለችው አጥንት ብቻ ነበረች። የባለቤቴን ሊፕስቲክ ቀባኋት፣ እግሬን ባዶው ፕላስቲክ ውስጥ አስገባሁ፣ ቀለሙ ያረፈበትን ምልክት አድርጌ ሌላ ከተማ ያለ ሌላ ሰው ዘንድ ወሰድኩ። ቦታዋን ብቻ ገፋት። ዘለበቶቹን አሁን በሁለት ጣት ነው የምቆልፋቸው። ሊፕስቲኩን መልሼ መግዛት ነበረብኝ።

የመጀመሪያውን ቡት ለሽያጭ አወጣሁት። አንድ ልጅ ደወለ። "44 ነው የማደርገው፣ ይሆነኛል አይደል?" አለ። አዎ ብለው 200 ዶላሬን እይዝ ነበር። ለካና ደውልልኝ አልኩት። ለክቶ ደወለ፤ 27.2 ነው። አይሆንህም አልኩት። አመስግኖ ዘጋ።

በማግስቱ እናቴ ጋራዥ ውስጥ ቡቱን አየችው። አነሳችው፣ አፍንጫውን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፤ ፕላስቲኩ እምቢ አለ። እጇን ወደ ውስጥ ላከች።

"ይሄን እንዳትሸጠው" አለችኝ። "ለልጅህ አስቀምጥለት። ያድግበታል።"