ሽሪምፕ፣ ዓሣ ነባሪ፣ አቆስጣ

ጥር 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ያውንዴ ላይ ካሜሩንን ሲገጥም፣ ዳዋ ሆቴሳ ገና በአራተኛው ደቂቃ ጎል ያስቆጠረ ጊዜ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጮኼአለሁ። ጨዋታው በኋላ 4 ለ 1 ተጠናቀቀ። ካሜሩኖች ቡድናቸውን «የማይበገሩት አንበሶች» ይሉታል፤ በዚያ ምሽትም ስሙ ተገባቸው። አገራቸው ግን ስሟን ያገኘችው ከሽሪምፕ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ካርታ በፊቴ በተዘረጋ ቁጥር በባሕር እንስሳት ስም የተጠሩ ቦታዎችን መፈለግ ልማድ ሆኖብኛል። ሰሞኑን ሐሳቡ አልለቅ ስላለኝ እዚህ ላስፍረው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1472 ገደማ ነው (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በፈርናኦ ዶ ፖ የሚመሩ ፖርቱጋላውያን መርከበኞች የዉሪ ወንዝ ከባሕር ወደሚገናኝበት፣ ዛሬ የዱዋላ ከተማ ወዳለችበት ስፍራ ደረሱ። ውሃው በሽሪምፕ ተሞልቶ ስላገኙት «ሪዮ ዶስ ካማሮይስ»፣ የሽሪምፕ ወንዝ ብለው መዘገቡት። ያዩት ነገር በየቀኑ የሚታይ አልነበረም። በወንዙ አፍ ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ እየማሰ ተደብቆ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት አለ፤ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ጊዜ በድንገት ከጭቃው ወጥቶ ውሃውን ይሞላዋል። የዚያን ጊዜ የወንዙ ዳር ሰው በቅርጫት እየዛቀ ይሰበስበዋል። እንግዶቹ የደረሱት እንዲህ ባለው ወቅት ነበር ማለት ነው። ሌላ ጊዜ መጥተው ቢሆን ኖሮ የአገሪቱ ስም ምን ይሆን ነበር እያልሁ አስባለሁ።

ለአንድ ወንዝ የወጣው ስም በዚያው አልቀረም። ከፖርቱጋልኛ ወደ ስፓኝኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ፤ ጀርመኖች በ1884 ግዛቱን ሲይዙ «ካሜሩን» ብለው የአገር ስም አደረጉት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተካፈሉት። በፈረንሳይ እጅ የነበረው ክፍል ጥር 1 ቀን 1960 ነጻ ሲወጣ ስሙን ይዞ ወጣ። አንዳንድ ሰው አገር በሽሪምፕ መጠራቷን እንደ ውርደት ያየዋል። እኔ አላየውም። ሕዝብን በሚመግብ ነገር መጠራት ክብር ነው፤ ያ ፍጥረትም እስከ ዛሬ ከጭቃው መውጣቱን አልተወም። የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስሙን ያወጡት ያልፉ የነበሩ ሰዎች መሆናቸውና በወንዙ ዳር የሚኖረውን ሰው ማንም አለመጠየቁ።

እንዲህ ያሉትን ስሞች አንድ ላይ ሳያቸው መርከበኞቹ የጻፉት የሚበላና የሚሸጥ ነገር ዝርዝር ይመስለኛል። እንግሊዛዊው ባርቶሎሚው ጎስኖልድ በ1602 በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ብዙ ኮድ ዓሣ ስለያዘ ቦታውን ኬፕ ኮድ አለው። ስፔናዊው ፖንሴ ዴ ሊዮን በ1513 ከፍሎሪዳ ጫፍ ባሻገር ባሉ ትንንሽ ደሴቶች በርካታ የባሕር ኤሊዎችን ያዘና «ቶርቱጋስ»፣ ኤሊዎቹ ብሎ ሰየማቸው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን የባሕር ኤሊ ለመርከበኛ ትልቅ ሀብት ነበር፤ በጀርባው ገልብጠው ካስተኙት ማምለጥ አይችልም፣ ለሳምንታትም በሕይወት ስለሚቆይ ሥጋው ሳይበላሽ ባሕር ያቋርጣል። ለእንስሳው የነበረውን ስቃይ ማሰብ ይከብዳል። ኮዱም ዕጣው አላማረም። ካናዳ በ1992 በኒውፋውንድላንድ ባሕር ኮድ ማጥመድን እስከ ማገድ የደረሰችው ዓሣው ተጠራርጎ በማለቁ ነው። በማሳቹሴትስ ምክር ቤት አዳራሽ ከእንጨት የተቀረጸ ኮድ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ባሕሩ ውስጥ ያለው ግን እጅግ መንምኗል።

ወደ አፍሪካ ልመለስ። በናሚቢያ ጠረፍ ዋልቪስ ቤይ የሚባል ወደብ አለ፤ ስሙ ከደች ቋንቋ የመጣ ሆኖ የዓሣ ነባሪ ባሕረ ሰላጤ ማለት ነው። የዓሣ ነባሪ ዘይት የአውሮፓንና የአሜሪካን መብራት ያበራ በነበረበት ዘመን አዳኞች ወደዚህ ባሕር ይጎርፉ ነበር። እንግሊዝ ወደቡን በ1878 ያዘች፤ ጀርመን ከስድስት ዓመት በኋላ በዙሪያው ያለውን አገር ሁሉ ስትወስድ ይህችን ቁራሽ ግን አላገኘችም። በኋላም በደቡብ አፍሪካ እጅ ገባች። ናሚቢያ በመጋቢት 1990 ነጻነቷን ስታውጅ ዋናው ጥልቅ ወደቧ የጎረቤት አገር ንብረት ነበር። ይህ ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ርክክቡ የተፈጸመው መጋቢት 1 ቀን 1994፣ ያለ መድፍ፣ በድርድር ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ደቡብ አፍሪካውያን ሁሉ በእኩልነት ድምፅ የሰጡበት ምርጫ ተካሄደ።

በዚያ ምርጫ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው ደግሞ ከእስር ዘመኑ 18 ዓመት ያሳለፈው በአቆስጣ (በእንግሊዝኛ «ሲል» በሚባለው የባሕር እንስሳ) ስም በተጠራ ደሴት ላይ ነው። ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ ሰው አቆስጣን ያውቃል፤ ለማደሪያው ድንኳን መደረቢያ ቁርበቱ ይፈለግ ነበር። ደቾች ይህን የባሕር እንስሳ «ሮብ» ይሉታል፤ ከኬፕታውን ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ደሴት አቆስጣዎች ሞልተዋት ስላገኙ ሮበን አይላንድ አሏት። ከ1652 ጀምሮ በጠረፉ ሲሰፍሩ አቆስጣዎቹን ለቁርበትና ለዘይት፣ ፔንግዊኖቹን ለሥጋና ለዕንቁላል አረዱ። እንስሳቱ እየተመናመኑ ሲሄዱ ደሴቲቱ ለሰው ማጎሪያ ዋለች። የኮይ ሕዝብ መሪ የነበረው አውትሹማቶ በ1658 ወደዚያ ተጋዘ፤ በማግሥቱ ዓመት በትንሽ ጀልባ አመለጠ። የኮሳ ሕዝብ መሪ ማካንዳ በ1820 ሊያመልጥ ሲሞክር ማዕበል በላው። የሥጋ ደዌ ሕሙማንም ከ1846 እስከ 1931 ከወገን ተለይተው እዚያው ኖረዋል።

ኔልሰን ማንዴላ ወደዚያች ደሴት የሄደበት መንገድ በእኛ ከተማ በኩል ያልፋል። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተካሄደ የነጻነት ታጋዮች ስብሰባ መጥቶ ንግግር አደረገ፤ በዚያው ዓመት ተመልሶ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ የበላይነት ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። ስድስት ወር ይቆያል ተብሎ የታሰበው ሥልጠና ሳያልቅ ተጠርቶ ወደ አገሩ ገባ፤ ሐምሌ 29 ቀንም ተያዘ። መጀመሪያ የተፈረደበት አምስት ዓመት ነው፤ ሦስቱ ሠራተኛውን ለሥራ ማቆም አድማ በመቀስቀስ፣ ሁለቱ ያለ ፓስፖርት ከአገር በመውጣት። ይህን ሳነብ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። እኛ ጋ የመጣበት ጉዞ የሁለት ዓመት እስራት አስከፍሎታል። ከእስራቱ ላይ የዕድሜ ልክ ፍርድ ተጨመረበትና እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1982 በደሴቲቱ ኖረ፤ ከጓደኞቹ ጋር የኖራ ድንጋይ ሲፈልጥ የድንጋዩ ነጸብራቅ ዓይኑን ጎዳው። ኮልፌ በኩል በታክሲ ባለፍሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ፤ እዚያ ሰፈር ያደጉ ልጆች ሁሉ ታሪኩን በትምህርት ቤት ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ደሴቲቱ ዛሬ ሙዚየም ናት፤ በ1999 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ የፔንግዊኖቹ ነገር ነው። ከ1800 ገደማ ጀምሮ ጠፍተው የኖሩት የአፍሪካ ፔንግዊኖች በ1983፣ እስረኞች ገና እዚያ ሳሉ፣ በራሳቸው ፈቃድ ተመልሰው መፈልፈል ጀመሩ። አሁንም ቢሆን አደጋው አልራቀም። የሚበሉትን ሰርዲንና አንቾቪ የንግድ መርከቦች በመረብ ስለሚጠርጉባቸው ቁጥራቸው በፍጥነት እየወረደ በ2024 በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች ጎራ ተመድበዋል። የአእዋፍ ተከራካሪዎች ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በመጋቢት 2025 ተከራካሪዎቹና የዓሣ ኢንዱስትሪው ተስማምተው፣ ሮበን አይላንድን ጨምሮ በስድስት መፈልፈያዎች ዙሪያ እነዚህን ዓሦች ማጥመድ ለአሥር ዓመት እንዲከለከል ታዘዘ። አሥር ዓመት ይበቃል ብዬ አላምንም። ቢሆንም መርከበኛ ሲያልፍ ያየውን እንስሳ ስሙን ለቦታው ሰጥቶ ሥጋውን ይወስድ በነበረበት ባሕር ላይ፣ ለእንስሳው ተብሎ መረብ እንዳይጣል መታዘዙ በጣም አስደስቶኛል፤ ክልከላው እንዲራዘም የሚሟገቱትንም ከልቤ እደግፋለሁ።