የጠፈር ጣቢያ ፊልም ያለ አልየን፣ ያለ ፍንዳታ እንዴት ሰራሁ

የተሰጠኝ ስራ በአጭሩ ይሄ ነበር፣ ለቴሌቪዥን የሚሆን የሳይንስ ፊክሽን ፊልም፣ 90 ደቂቃ ገደማ፣ ታሪኩ በሙሉ ጠፈር ጣቢያ ውስጥ የሚካሄድ፣ በጀቱን ግን አትጠይቁኝ። ፕሮዲውሰሩ አልየን፣ ማለትም ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር፣ ይግባበት ብሎ ድርቅ አለ፣ እኔ ደግሞ በዚህ በጀት የሚሰራ አልየን ሰው ያስቃል እንጂ አያስፈራም ብዬ ድርቅ አልኩ። "እሺ ታዲያ ምንድነው የሚያስፈራው?" ሲለኝ አየር አልኩት። አየር ሲያልቅ።

መነሻ ያደረግኩት ሚር ይባል በነበረው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ላይ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1997 የደረሰውን ነው። ፕሮግረስ የምትባል የጭነት መንኮራኩር በሪሞት እየነዱ ሊያስጠጓት ሲሞክሩ ስፔክትር የሚባለውን ክፍል ገጨችውና አየር መውጣት ጀመረ። መፍትሄው የተበሳውን ክፍል በር መዝጋት ነው፣ ግን በበሩ መሃል ኬብል ተዘርግቶ ነበር፣ በሩ እንዴት ይዘጋ? ኬብሉን እየነቀሉ፣ ያልተነቀለውን እየቆረጡ ዘጉት፣ ከዛ ደግሞ ከስፔክትር ሶላር ፓኔሎች ይመጣ የነበረው ኃይል ስለተቋረጠ ጣቢያው ጨለመ። መሽከርከርም ጀምሮ ስለነበር እዛ የነበረው የናሳ ጠፈርተኛ ማይክል ፎል አውራ ጣቱን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ኮከቦቹ እንዴት እንደሚያልፉ እያየ ፍጥነቱን ገመተ፣ በጣቱ! ይሄን ካነበብኩ በኋላ የአልየን ክርክር ለኔ አበቃ።

አደጋውን እንዳለ አልቀዳንም፣ የወሰድነው ያቺን በር ነው። በኛ ታሪክ አንዲት ጠፈርተኛ ብቻዋን በሩ ላይ ቆማ ኬብል ትነቅላለች፣ አንዱ መብራት ነው፣ አንዱ ከመሬት ጋር የሚያገናኛት ሬዲዮ፣ አንዱ አየሩን የሚያዘዋውረው ፋን። ለመዳን የምትነቅለው ሁሉ ለመዳን የሚያስፈልጋት ነገር ነው። ስክሪፕት የምትጽፉ ካላችሁ እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው፣ መጀመሪያ ስጽፈው መብራቱ መጨረሻ ላይ ነበር የሚጠፋው፣ ሰው ጨለማ ይፈራል ብዬ፣ በኋላ ግን ፋኑን መጨረሻ አደረግኩት፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ፕሮዲውሰሩ አሁንም ሰው በቀዳዳው ተስቦ ይውጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በተያያዘች ሶዩዝ መንኮራኩር ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር የምታክል ቀዳዳ ተገኝታ ነበር፣ መሬት ያሉት ተቆጣጣሪዎች የአየሩ ግፊት ቀስ እያለ ሲወርድ አይተው ጠፈርተኞቹን እንኳን ከእንቅልፍ አልቀሰቀሷቸውም፣ ጠዋት ተነስተው ፈልገው በማጣበቂያ ደፈኗት። ይሄን ነገርኩትና ቀዳዳችን ትንሽ ሰፋ ብላ አንድ ሰዓት ከምናምን የምትሰጥ ሆነች።

ጊዜው ደግሞ ራሱ ገጠመ። ዓለም አቀፉ ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ መሬትን አንዴ የሚዞረው በ90 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በቀን 16 ጊዜ ፀሐይ ትወጣለታለች ማለት ነው። ስለዚህ ፊልሙን አንድ ዙር አደረግነው። ከዙሩ ብዙ ጊዜ ከሲሶ ትንሽ በላይ የሚሆነው ጨለማ ስለሆነ የላይት ፕላናችን በዛው አለቀ፣ ከመስኮቱ ውጪ ሀዲድ ላይ የሚንሸራተት አንድ ጠንካራ ላይት፣ ሌላ ለፀሐይ ያወጣነው ወጪ የለም። እዛ እንደ መሬት ቀስ እያለ አይመሽም፣ በሰከንዶች ነው ድርግም የሚለው፣ እሱን ቆርጠን ከማስታወቂያው በፊት አስቀመጥነው።

መንሳፈፉ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሰው በሽቦ ማንጠልጠል ውድ ስለሆነ ለጥቂት ሾት ብቻ ነው ያደረግነው፣ ሌላው ከደረት በላይ ሆኖ ተዋናይዋ ጎማ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። ትልቁ ስራ እሷን ከስሎው ሞሽን ማላቀቅ ነበር፣ ሁሉም ተዋናይ ክብደት የለም ስትለው ይዘገያል፣ ጠፈርተኞች ግን ቀርፋፋ አይደሉም፣ በጣት ጫፍ ገፋ አድርገው ይሄዳሉ፣ ሲቆሙ እግራቸውን ብረት ስር ሰካ ያደርጋሉ፣ ሲዝናኑ እጃቸው ራሱ ወደ ፊት ከፍ ይላል። ከዛ የለቅሶው ሲን መጣ። ልጅቷ ስታለቅስ አንጀት ትበላለች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ኮለል ብሎ ወረደ፣ ስቱዲዮው በሙሉ ዝም አለ፣ እኔም "በጣም ቆንጆ ነው፣ ግን እንባ እዛ አይወርድም" አልኳት። በአይኗ ጠላችኝ። እዛ እንባ አይን ላይ እየተጠራቀመ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ስለዚህ አይኗ ስር ግልጽ ጄል አደረግንላትና በጨርቅ ስትጠርገው ተቀረጸ፣ ምንም ሳትናገር። ፊልሙ ውስጥ ካሉት ሾቶች የምወደው እሱን ነው።

አሁን ፋኑ። ክብደት በሌለበት ሞቃት አየር ወደ ላይ አይወጣም፣ ፋን ካላንቀሳቀሰው የተነፈስከው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊትህ ዙሪያ ይከማቻል፣ ለዚህ ነው ጣቢያ ውስጥ ሁሌም የፋን ድምፅ ያለው። እኛም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የፋኑን ድምፅ አስገባነው፣ ተመልካቹ እንዳለ እስኪረሳው ድረስ። መጨረሻውን ኬብል ስትነቅል ይቆማል፣ እሷም የቼክሊስት ወረቀቷን አንስታ ፊቷን ታራግባለች። ሙዚቃ የለም። መጀመሪያ ወፍራም የፋን ድምፅ ነበር የቀዳነው፣ ግን በቲቪ ትንሽ ስፒከር ጭራሽ አይሰማም፣ ያልተሰማ ድምፅ ደግሞ ሲቆም ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ሳውንድ ኢንጂነራችን ከላዩ ቀጠን ያለ የፋን ፉጨት ጨመረበት። ለቲቪ የምትሰሩ ሚክሳችሁን በደህና ስፒከር ብቻ እየሰማችሁ አትጨርሱ።

ፋይሉን ስናስረክብ የጣቢያው፣ ማለቴ የቴሌቪዥን ጣቢያው ቴክኒክ ክፍል መለሰው፣ "እዚህ ጋ ድምፅ ጠፍቷል አስተካክሉ" ብለው። ማሽናቸው ረዘም ያለ ፀጥታ ሲያገኝ አላርም ይጮሃል። ብንከራከርም አልሆነም፣ የትንፋሿንና የወረቀቱን ድምፅ አላርሙ ዝም እስኪል ድረስ ከፍ አደረግነውና መልሰን ላክነው።