ካምፓላ ላይ በርበሬ ሳሰጣ የተማርኩት

ካምፓላ በገባሁበት ዓመት በርበሬዬን ያሰጣሁት መጋቢት ላይ ነው። ልማዴ የአዲስ አበባ ነው፤ ክረምት ሰኔ ይገባል፣ መስከረም ይወጣል፣ በመሀል የበልግ ዝናብ ጣል ቢያደርግ ያልፋል። በአራተኛው ቀን በርበሬው ሻገተ። ግማሹን ደፋሁት። አከራዬ ሴትዮ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡን መለካት ጀመርኩ። የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጬ፣ ገልብጬ መልሼ ከተትኩበት። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠርና ውሃ ሞላሁበት፤ ከውሃው በላይ ማስመሪያ ለጠፍኩ። የመጀመሪያው ወር ልኬት ግን ከንቱ ነበር። ለካ ያስቀመጥኩት ከጣሪያው ጠርዝ ስር ኖሯል፤ የቆርቆሮውን ፍሳሽ ነው ስመዘግብ የከረምኩት። ከቤትም ከዛፍም አርቄ ሜዳ ላይ አቆምኩት።

አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ትንሽ ይመስላል። ሁለት በሦስት ሜትር በሆነችው ሸራዬ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ግን 60 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን ውሃ በበርበሬዬ ላይ ተደፋ ማለት ነው።

ደብተሬ ላይ ዝናብ የሌለበት ወር ፈልጌ አጣሁ። የሐሩር ዝናባማ ደን አየር ንብረት የሚባለውም ይኸው ነው፤ በጣም ደረቅ የተባለው ወር እንኳ በአማካይ 60 ሚሊ ሜትር ይሞላል። ካምፓላ ይህን መስፈርት ለጥቂት ነው የምታልፈው። ቢሆንም ሁለት ጉብታዎች ይታያሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ከዚያ ጥቅምትና ኅዳር። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን እየተከተለ በዓመት ሁለቴ በምድር ወገብ ላይ ያልፋል። ሐምሌ ላይ ወደ ሰሜን፣ ወደ እኛ አገር ወጥቷል። እናቴ ደውላ «ዝናቡ አላስወጣ አለን» ስትለኝ እኔ በርበሬ እያገላበጥኩ ነው።

ወሩን ለየሁ፤ ሰዓቱንም ለየሁ። እኔ ሰፈር ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት አሰጣለሁ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት እሰበስባለሁ። በዚህ ተኩራርቼ ኢንቴቤ ላለች ጓደኛዬ የማሰጫ ሰዓቴን ነገርኳት። በማግስቱ ገና በጠዋቱ የሽሮ እህሏ በሰበሰ።

ጥፋቱ የሐይቁ ነው፣ የእኔም ነው። ሌሊት የብሱ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ከየአቅጣጫው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይነፍሳል፤ መሀል ላይ ተጋጭቶ ወደ ላይ ይወጣና ነጎድጓዱን ይሠራል። ኢንቴቤ ውሃው ውስጥ ገብታ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የንጋቱ ዝናብ ያገኛታል። ቀን ነፋሱ ይገለበጥና ተራው የእኛ የየብሶቹ ይሆናል። በመሀላችን ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የእህሉን ግማሽ ከፈልኩ። እሷም የራሷን ሃይላንድ ቆርጣለች።