ሦስት ጊዜ ወደ አሮጌው ጭስ ማውጫ

በሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ወዳጄ ሥራ ባቆመው ጭስ ማውጫ ላይ ሁለት ጭልፊቶች መስፈራቸውን ነግሮኝ በስልኩ ያነሣውን ፎቶግራፍ ሲልክልኝ፣ ምስሉ የደበዘዘ ቢሆንም ከዐይናቸው ሥር ወደ ጉንጫቸው የሚወርደውን ጥቁር ሪዝ መሰል ምልክት አይቼ ፔሬግሪን ጭልፊቶች መሆናቸውን ወዲያው ዐወቅሁ። ከዚያች ቀን በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በመጋቢት መጨረሻ የስድስት ሰዓቱን የአውቶቡስ መንገድ ተጓዝኩ፤ ስለ መንገዱ የማስታውሰው ነገር ቢኖር ከመናኸሪያው እስከ ፋብሪካው በር ያደረሰኝ ባለ ታክሲ ከተስማማንበት ሒሳብ እጥፍ ማስከፈሉን ብቻ ነው። ተከራክሬ ነበር፤ ነገር ግን በክርክሩ መካከል ከጭስ ማውጫው ጫፍ የወፍ ድምፅ ስለ ሰማሁ የጠየቀኝን ሰጥቼው ወረድኩ።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። ያረፍኩባት ክፍል ከኖራ ድንጋይ መፍጫው ብዙም የማትርቅ በመሆኗ አልጋው ራሱ ሲንቀጠቀጥ ያድር ነበር። እኔ በቤቴ የግድግዳ ሰዓት ድምፅ እንኳ እንቅልፍ የሚነሣኝ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ እስኪነጋ ድረስ ያሰብኩት እንደዚህ ያለ ጩኸት ባለበት ቦታ እንቁላል ለመታቀፍ የመረጠች ወፍ ምን ዓይነት ወፍ ናት የሚለውን ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ጩኸቱ ለእርሷ ምንም ማለት አልነበረም። ፔሬግሪን ከሺህ ዘመናት ጀምሮ የኖረው በገደል ላይ ነው፤ ጭስ ማውጫም ለእርሱ ገደል ነው። የሚፈልገው ከፍታ፣ ከበታቹ የተንጣለለ ክፍት ሰማይ፣ በቂ ርግብና የሰው እግር የማይደርስበት ጠርዝ ነው። ድንጋይ መፍጫው ሌት ተቀን ቢያጓራም ቦታውን አይለቅም፤ አንድ ሰው ግን ከጎኑ ብቅ ቢል ሁሉም ነገር ይለወጣል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በማግስቱ ጠዋት ፈቃድ አግኝቼ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ባለው ሲሎ (የፋብሪካው ረጅም ማከማቻ ማማ) መሰላል ላይ ወጣሁ፤ ዓላማዬ ከጎጆዋ እኩል ከፍታ ላይ ሆኜ በባይኖኩላር ለማየት ነበር። ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንደወጣሁ ሴቲቱ ከእንቁላሎቿ ላይ ተነሥታ “ካክ ካክ ካክ” እያለች በራሴ ላይ መዞር ጀመረች፤ ወንዱም ከየት እንደመጣ ሳላየው ተጨመረ። ከታች የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የማያንስ ሰው፣ “ልጄ ውረድ! ቶሎ ውረድ! እንቁላሉ ይቀዘቅዝባታል” ብለው ጮኹ። ወርጄ ርቄ እስክቀመጥና እርሷ እስክትመለስ ድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ፤ ጠዋቱም ነፋሻ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘሙ ደቂቃዎች አላስታውስም። ከዚያ ወዲያ መቀመጫዬ ከጭስ ማውጫው ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ የአሮጌ ጎማዎች ክምር አጠገብ ሆነ፤ በሦስቱም ጉዞዎች ከዚያ አልቀረብኩም።

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው እኚህ ጥበቃ ከእኔ ይልቅ ወፎቹን ያውቁ ነበር። በሩ ላይ የሚገቡና የሚወጡ የጭነት መኪናዎች የሚመዘገቡበት ትልቅ ደብተር አላቸው፤ በደብተሩ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ትንንሽ ማስታወሻዎችን አሳዩኝ። “12:10 ወንዱ፣ ርግብ።” “3:25 ወንዱ ታቀፈ፣ እሷ በላች።” “ዝናብ፣ አልተነሣችም።” ማስታወሻው ክረምት ከበጋ ሳይቋረጥ የቀጠለ ነበር። የዝርያው ስም በላቲን መንገደኛ ወይም መጻተኛ ማለት ሲሆን፣ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ የሚፈለፈሉት በእርግጥም በየዓመቱ አህጉር አቋርጠው ይጓዛሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ከጭስ ማውጫቸው እንደማይለዩ የጋሼ ደብተር ይመሰክራል። መንገደኛው እኔ ነበርኩ።

ፔሬግሪን ጎጆ አይሠራም፤ በጠጠር ወይም በአፈር ላይ በደረቱና በእግሩ ጎድጓዳ ቦታ ጭሮ ሦስት ወይም አራት እንቁላል ይጥላል። ባለፈው ዓመት ሴቲቱ እንቁላሎቿን በባዶ ብረት ላይ በመጣሏ አንድም ሳይተርፍ ተሰባብረው ነበር። ይህን ያዩ አንድ በያጅ ከወዳደቀ ላሜራ ዝቅ ያለ ሳጥን ሠርተው፣ ውሃ እንዳይቋጥር ታቹን በስተው፣ የወንዝ ጠጠር ሞልተው ወፎቹ ገና እንቁላል ሳይጥሉ ጠርዙ ላይ አሰሩት። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ፣ በሰን ላይፍ ሕንፃ ላይ የሰፈሩ ፔሬግሪኖችም ጠጠር የተሞላ ሳጥን ተደርጎላቸው ጫጩት ማሳደግ ችለዋል። በያጁ ግን ስለ ሞንትሪያል ሰምተው አያውቁም፤ የተሰበረ እንቁላል አይተው አዝነው ነው የሠሩት።

ሁለተኛው ጉዞዬ በግንቦት አጋማሽ ነበር። እንቁላል መታቀፉ አንድ ወር ከጥቂት ቀናት ስለሚፈጅ ጫጩቶቹ በዚያን ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ሆኗቸዋል። በቴሌስኮፕ ስመለከት ሦስት ነጫጭ የጥጥ ክምር የመሰሉ ነገሮች ይታዩኝ ነበር፤ በክንፋቸው ጠርዝ ላይ ጥቁር ላባ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ሴቲቱ ከወንዱ በጣም ትበልጣለች፤ ወንዱ ከእርሷ በሲሶ ያህል ያንሳል፤ አደኑን በአብዛኛው እርሱ ያመጣል፣ እርሷ ትቦጭቃለች፣ ታጎርሳለች። የምታጎርስበት ጥንቃቄ አስገርሞኛል፤ ያ የርግብ አንገት የሚሰብር ጥርስ መሰል ጉጥ ያለው ምንቃር ከጥፍሬ የማይበልጥ ቁራጭ ሥጋ ይዞ ጫጩቷ አፏን እስክታስተካክል ይጠብቅ ነበር።

ጋሼ በጭስ ማውጫው ሥር ያነሡትን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ሁለት የርግብ ክንፎች፣ በደረት አጥንቱ እንደተያያዙ። በአጥንቱ ጠርዝ ላይ ምንቃሩ የነከሰባቸው ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ጉድለቶች በግልጽ ይታያሉ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላም አደኑን ራሱን አየሁ። ወንዱ ነጥብ እስኪያክል ድረስ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ክንፉን አጥፎ ወረደ። በእንዲህ ያለ ውርወራ ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር እንደሚያልፍ አነብ ነበር፤ ያየሁት ግን ፍጥነት ሳይሆን ርግቧ በነበረችበት ቦታ የቀረ የላባ ደመና ነው።

ያን ዕለት ማታ ድንጋይ መፍጫው ለጥገና ቆሞ ስለነበር ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ከመተኛቴ በፊት ግን ወዳጄ ያጫወተኝ ነገር ነበር። አሮጌውን ጭስ ማውጫ ለማፍረስ ውል የያዘው ተቋራጭ መወጣጫውን በግንቦት ሊያቆም አቅዶ ነበር። ወዳጄና ጋሼ ደብተሩን ይዘው ለአለቆች ቀርበው፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ የሚቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ መሆኑን አስረድተው ሥራውን ወደ ሐምሌ አስገፉት፤ ከሲሎው አናት ላይም ሌላ የጠጠር ሳጥን እንዲሰቀል ቃል ተገባላቸው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ምክንያቱም ይህ ወፍ ሊጠፋ ተቃርቦ እንደነበር አውቃለሁ። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በሚበላቸው ወፎች በኩል ወደ ሰውነቱ ገብቶ የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳ ነበር፤ እናትየዋ ስትታቀፈው ከሥሯ ይሰበራል። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዴሪክ ራትክሊፍ ቀድሞ የተሰበሰቡ እንቁላሎችን ከአዲሶቹ ጋር አነጻጽሮ ይህን እ.ኤ.አ. በ1967 አሳተመ፤ አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 ከለከለች፤ የወፍ ተመራማሪው ቶም ኬድና ባልደረቦቹ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጫጩቶችን አራብተው ወደ ዱር ለቀቁ፤ በ1999ም ወፉ በዚያች አገር የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ ወጣ። ያ ሁሉ ድካም ካለፈ በኋላ ሦስት ጫጩቶች በመወጣጫ ምክንያት ቢሞቱ ልቤ አይችልም ነበር።

ለሦስተኛው ጉዞ በሰኔ መጀመሪያ ስደርስ አውቶቡሱ በመንገድ ተበላሽቶ ግማሽ ቀን አስቀርቶኝ ስለነበር የሁለቱን ጫጩቶች የመጀመሪያ በረራ አላየሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሁለቱ ወንዶች በማጓጓዣው ቀበቶ ጣሪያ ላይ ተቀምጠው ይጮኻሉ፤ ትልቋ ሴት ጫጩት ግን ገና ጠርዙ ላይ ነበረች። በማግስቱ ጠዋት አባቷ ርግብ በጥፍሩ አንጠልጥሎ በፊቷ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አለፈ፤ አልሰጣትም። እርሷም ክንፏን እያርገበገበች ከጠርዙ ጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠች፤ ቆመች፤ ቁልቁል አየች። ከዚያ ዘለለች። መጀመሪያ ወደቀች ማለት ይቀላል፤ መሬት ልትደርስ ስትል ክንፏ ነፋሱን ያዘውና እየተንገዳገደች ወጥታ በመጋቢት ወር እኔ በወጣሁበት የሲሎ መሰላል ላይ አረፈች።

ጋሼ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው በደብተሩ ኅዳግ “2:40 ሦስተኛዋ” ብለው ጻፉ። ከኋላቸው አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያሰማ በሩ እስኪከፈትለት ይጠብቅ ነበር።